ጥርሱ ያልታየ ፈረስ፣ ገና ያልወጣ ስልክ

ባለፈው ሰኔ ለቤተሰብ ጉዳይ ዳንግላ ወርጄ ነበር። ቶናው እየተቀዳ ሳለ የእህቴ ልጅ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ስልኩን ዘረጋልኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይህን ይዩልኝ። እውነት ነው ውሸት?» አለኝ።

በስልኩ ላይ ሦስት ፎቶዎች ነበሩ። ሦስቱም የአንድ ስልክ ፎቶ ናቸው። ያ ስልክ ግን ገና አልወጣም። አፕል የተባለው ኩባንያ አዲሱን አይፎን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተዋውቀው በእኛ አዲስ ዓመት መባቻ አካባቢ ነው። ፎቶዎቹ ግን በሰኔ ዳንግላ ደርሰዋል። ከሥራቸው «ከፋብሪካ ሾልኮ የወጣ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ቀጥሎ ዋጋው፤ ቀጥሎ «ለመጀመሪያዎቹ 20 ሰዎች ብቻ፣ ቀብድ 15 ሺህ ብር» የሚል ማስታወቂያ፤ በመጨረሻም ገንዘብ የሚላክበት ቁጥር ተቀምጧል። የሻጩ ስም ግን የለም።

ልጁ ገንዘቡ አለው። አባቱ ፋግታ ለኮማ ውስጥ ከሰጡት ቁራሽ መሬት ላይ ዲከረንስ ተክሎ፣ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ፣ አክስሎ የሸጠው ከሰል ነው ብር የሆነለት። አካባቢውን የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ያህል ድካም እንደሆነ አይጠፋውም። እንጅባራ ያሉ ሁለት ጓደኞቹ ቀብዱን ልከው ጨርሰዋል። እሱም ሊልክ ነው፤ ከመላኩ በፊት ግን ልቡ ጠርጥሯል።

ከጎናችን የተቀመጡት አጎቴ ዕድሜያቸውን ከፈረስ ጋር ያሳለፉ ሰው ናቸው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ የአዊ ሰው ከፈረሱ ጋር ያለው ፍቅር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ አደባባይ ሲወጣ ኖሯል። አጎቴም በዚያ አደባባይ ከጋለቡት አንዱ ናቸው። ፎቶውን አየት አደረጉና «ጥርሱን አይተሃል?» ብለው ጠየቁት። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ፈረስ በሥዕል አይገዛም» አሉ። «አፉን ትከፍታለህ፤ ዕድሜውን በጥርሱ ታውቃለህ። ታስሄደዋለህ። ከማን ጋጣ እንደወጣ ትጠይቃለህ። ይኼ የምታሳየን ነገር አፍ እንኳ የለውም።»

እኔ በሕግ ትምህርት ቤት ስለ ማስረጃ ለዓመታት የተማርኩትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ይሁንና ነገሩ በዚህ የሚያልቅ አይደለም። ምክንያቱም ሾልከው ወጡ የሚባሉ ፎቶዎች ሁሉ ውሸት አይደሉም። አንዳንዶቹ እውነት ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ጥያቄው «ማመን ወይስ አለማመን» ሳይሆን «በምን ሚዛን መዝነን ነው የምንፈርደው» የሚለው ነው። የዛሬው ጽሑፌም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ሦስት ዓይነት ውሸት

ብዙ ሰው «ፎቶው የተቀነባበረ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ጎዶሎ ነው። የፎቶ ውሸት ሦስት መልክ አለውና።

አንደኛው ፎቶው ራሱ ውሸት የሆነበት ነው። ካሜራ ያላየውን በኮምፒውተር የሠሩት፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በጥቂት ሴኮንዶች የሚፈበርከው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 የሮማው ሊቀ ጳጳስ ነጭ ወፍራም ጃኬት ለብሰው የሚያሳይ ምስል ዓለምን ሲያስደምም ቆይቶ በማሽን የተሠራ መሆኑ ታውቋል። በዚያው ዓመት በግንቦት በአሜሪካ የመከላከያ መሥሪያ ቤት አጠገብ ፍንዳታ ደረሰ የሚል የፈጠራ ምስል ወጥቶ የአክሲዮን ገበያውን ለደቂቃዎች አናግቶታል።

ሁለተኛው ፎቶው እውነት ሆኖ ዕቃው ውሸት የሆነበት ነው። ካሜራው ያየውን ነው ያነሣው፤ ያየው ነገር ግን ስልክ አይደለም። የስልክ ሽፋን የሚሠሩ ፋብሪካዎች ስልኩ ከመውጣቱ በፊት በወሬ ያገኙትን ልክ ይዘው የፕላስቲክ ወይም የብረት ሞዴል ይቀርጻሉ። ሞዴሉ አይበራም፣ አይደውልም። ፎቶ ሲነሣ ግን ከእውነተኛው አይለይም። በስም የሚመሳሰሉ አስመሳይ ስልኮችም በዚሁ ይመደባሉ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው አንድ ፊደል ብቻ የተቀየረባቸውን የታዋቂ ስልኮች ስም ያስታውሳል።

ሦስተኛው ፎቶውም ዕቃውም እውነት ሆኖ ታሪኩ ውሸት የሆነበት ነው። የአምና ስልክ የዘንድሮ ይባላል። የሌላ ኩባንያ ስልክ የዚህኛው ይባላል። በሀገራችን በብዛት የሚያታልለን ይኸኛው ይመስለኛል። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ከሌላ ሀገርና ከሌላ ዘመን የተወሰዱ ፎቶዎች የዚያ ጦርነት ናቸው እየተባሉ ሲዞሩ አይተናል። ፎቶዎቹን ማንም አልነካካቸውም ነበር። የተነካካው ከሥራቸው ያለው ጽሑፍ ነው።

እንግዲህ ፎቶውን አጉልቶ ጠርዙን መመርመር፣ ጥላውን ማየት፣ ፊደሉን መቁጠር ለመጀመሪያው ዓይነት ብቻ ነው የሚረዳው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በዓይን አይያዙም፤ የሚያዙት በጥያቄ ነው።

እውነት ሆኖ የተገኘው

ነገሩን ለማመዛዘን በተቃራኒው በኩል ያለውንም እንይ። እ.ኤ.አ. በማርች 2010 አንድ የአፕል መሐንዲስ በካሊፎርኒያ ሬድውድ ሲቲ በሚገኝ ቢራ ቤት አንድ ስልክ ረስቶ ወጣ። ስልኩ ያኔ ገበያ ላይ የነበረውን አይፎን እንዲመስል ሽፋን ለብሷል። ከሽፋኑ ሥር ያለው ግን ገና ያልወጣው አይፎን 4 ነበር። ያገኘው ሰው ወስዶ አስቀመጠው። በሚቀጥለው ወር ፎቶዎቹ ሲወጡ ሐሰተኛ ነው፣ ከእስያ የመጣ አስመሳይ ነው ያሉ ብዙዎች ነበሩ። አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል፤ እስከዚያ ሰዓት የቀረበው ማስረጃ ፎቶ ብቻ ነበርና።

ነገሩን የለወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። ጊዝሞዶ የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ 5 ሺህ ዶላር ከፍሎ ስልኩን በእጁ አስገባ። ፈትቶም ውስጡን አየ፤ በክፍሎቹ ላይ የኩባንያውን ምልክት አገኘ። ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኘውም ኮምፒውተሩ አይፎን መሆኑን አወቀው። ይህ እንግዲህ ጥርስ ማየት ነው። የመጨረሻውና ትልቁ ማስረጃ ግን የመጣው ከራሱ ከባለቤቱ ነው። የአፕል የሕግ ክፍል ኃላፊ የኩባንያው የሆነው ዕቃ እንዲመለስ በደብዳቤ ጠየቁ። ሰው የራሱ ላልሆነ ዕቃ የመልሱልኝ ደብዳቤ አይጽፍም። ባለቤቱ ራሱ መሰከረ ማለት ነው። ስልኩም በዚያው ዓመት ሰኔ 7 ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር በይፋ ሲታይ ያው ሆኖ ተገኘ።

የሕጉ ጉዳይ በዚህ አላበቃም። ፖሊስ የጊዝሞዶ አዘጋጅ የሆነውን ጋዜጠኛ ቤት ፈተሸ፤ ይህም የፕሬስ ነፃነት ክርክር አስነሣ። በጋዜጠኞቹ ላይ ክስ አልተመሠረተም። ስልኩን ያገኘውና በሽያጩ የተባበረው ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ክሱን አንከራከርም ብለው የአንድ ዓመት ገደብ፣ የ40 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና እያንዳንዳቸው 250 ዶላር ካሣ ተወሰነባቸው። ልብ በሉ፤ ሾልኮ የወጣ ዕቃ እውነተኛ ሲሆን ደግሞ የሰው ንብረት ነው። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ከሁሉ በፊት የነገርኩት ይህን ነው፦ «ፎቶው ውሸት ከሆነ ተታለህ፤ እውነት ከሆነ ደግሞ የተሰረቀ ዕቃ ልትገዛ ነው። በሁለቱም በኩል ቀብድ የሚከፈልበት ነገር የለም።»

«አሉ» የምትባለው ቃል

ሌላም ታሪክ ላውጋችሁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ዴይ ፎር የተባለ አንድ የስዊድን ኩባንያ ሠራተኞች ወሬ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት አንድ ብሎን በኮምፒውተር ሣሉ። ብሎኑ በተለመደው መፍቻ የማይፈታ እንግዳ ነገር ነው። ሥዕሉን ከአንድ ወዳጅ የተላከ ፎቶ አስመስለው፣ አፕል ሰው ስልኩን እንዳይፈታ ሊጠቀምበት ያሰበው ብሎን ነው የሚል ፍንጭ ሰጥተው በአንድ የውይይት ገጽ ላይ ለቀቁት። ወሬው ወዲያው በትልልቅ የቴክኖሎጂ ገጾች ላይ ወጣ።

ከዚህ የተማሩት ነገር ለእኛም ትምህርት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ጠንቃቃ ነበሩ። «እውነት ከሆነ»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «አልተረጋገጠም» ብለው ጽፈዋል። አንባቢው ግን ይህን አላነበበም። ወሬውን ተቀብሎ ሲያስተላልፍ «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ጥሎ «ነው» የሚለውን ብቻ ይዞ ሄደ። ክርክሩም ብሎኑ መኖር አለመኖሩ ላይ መሆኑ ቀርቶ አፕል ይህን ማድረጉ ተገቢ ነው አይደለም ወደሚለው ዞረ። ያልነበረ ብሎን ተወቀሰ፣ ተሟገቱለት።

እኛ በአማርኛ ለዚህ የሚሆን አንዲት ትንሽ ቃል አለችን፤ «አሉ»። «እገሌ ሞተ አሉ» እና «እገሌ ሞተ» አንድ አይደሉም። አንደኛው የሰማሁትን ነግሬሃለሁ፣ ኃላፊነቱ የነጋሪው ነው ማለት ነው። ሁለተኛው እኔ ምስክር ነኝ ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን ለይተው ይናገሩ ነበር። በስልክ ፎቶ ሲተላለፍ ግን «አሉ» የምትለዋ ቃል በመንገድ ላይ ትወድቃለች። ሻጩ «ሾልኮ ወጥቷል ይባላል» ብሎ የጀመረው፣ እንጅባራ ሲደርስ «ሾልኮ ወጥቷል» ሆነ፤ ዳንግላ ሲደርስ «ወጥቷል» ብቻ ቀረ።

በአካባቢያችን ይህን ያባሰው ሌላም ነገር አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ሰው ፎቶና ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ በእጅ ይቀባበል ነበር። በዚህ መንገድ የመጣ ፎቶ ከማን እንደተነሣ፣ መቼ እንደተነሣ፣ ስንተኛ እጅ እንደሆነ አይታወቅም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ልማዱ አብሮ ቀረ። ፎቶውን ማን አነሣው ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስል «ጓደኛዬ ላከልኝ» የሚለው መልስ እንደ በቂ ማስረጃ ይቆጠራል።

አንድ ፎቶ ዙፋን ሲነካ

ይህ ሁሉ ስለ ስልክ ብቻ የሚመስለው ካለ የራሳችንን ታሪክ ላስታውሰው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የቀረበባቸው ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። ከዚህ ክስ ጋር አብሮ ሲነገር የኖረ አንድ የፎቶ ጉዳይ አለ። የእስላም ልብስና ጥምጥም አድርገው ያሳያል የተባለ ፎቶ ነው። ፎቶው በጠላቶቻቸው ተቀነባብሮ የተሠራ ነው የሚሉ ጥቂቶች አይደሉም። ጉዳዩ ዛሬም ያከራክራል።

እኔ እዚህ ላይ የታሪክ ዳኛ ልሆን አልሻም። የማነሣው ለአንድ ነገር ነው። ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቋጭ የቆየው ፎቶውን በደንብ ያየ ሰው ስለጠፋ አይደለም። ማን አነሣው፣ መቼ፣ የት፣ ዋናው ፊልም የት አለ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉም የሚስማማበት መልስ ስላላገኙ ነው። ሰው የሚወስነው ግን መልሱን ሳይጠብቅ ነው። ሥልጣንም እንደ ስልክ ቀብድ አስቀድሞ ይከፈላል፤ ማስረጃው ኋላ ይፈለጋል።

የዳንግላ ሰው ተቃራኒውን ምሳሌ በደጁ አይቷል። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቆንስላ በዳንግላ ሳለ ቆንስሉ ሮበርት ቺዝማን ነበር። በዚያ ዘመን የዓባይ ሸለቆ አብዛኛው ክፍል በፈረንጆቹ ካርታ ላይ በግምት የተነጠበ መስመር ነበር። ቺዝማን በግምቱ ላይ ሌላ ግምት አልጨመረም። በበቅሎና በእግሩ እየዞረ፣ እየለካ፣ ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1936 እ.ኤ.አ. ታተመ። የተነጠበ መስመር በቀጭን መስመር የሚተካው ሰው ቦታው ድረስ ሲሄድ ነው።

ፎቶን በመስቀለኛ ጥያቄ

በፍርድ ቤት ምስክር ቀርቦ የሚያውቀውን ይናገራል። ከዚያ በኋላ ተቃራኒው ወገን በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈትነዋል። ፎቶም ምስክር ነው፤ ዳኛ አይደለም። ስለዚህ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል። ለእህቴ ልጅ ያቀረብኳቸው አምስት ጥያቄዎች እነዚህ ነበሩ።

አንደኛ፣ ምስክሩ ማነው? ፎቶውን ያነሣው ሰው ይታወቃል ወይ? የማይታወቅ ከሆነ ከዚህ በፊት ምን ለቆ ነበር፣ ከለቀቀው ስንቱ እውነት ሆነ? ስም የሌለው ሰው የሚያጣው ስም የለውም።

ሁለተኛ፣ ዋናው የት አለ? ፎቶ በውስጡ የተነሣበትን ቀንና የካሜራውን ዓይነት የሚገልጽ የተደበቀ መረጃ ይይዛል። በመልእክት መላላኪያዎች እንደ ፎቶ ሲላክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ መረጃ ይራገፋል። እንደ ፋይል ሲላክ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «በፋይል ላክልኝ» ማለት ቀላል ፈተና ነው። መረጃው ሊቀየር እንደሚችል ባውቅም፣ የሚያመነታ ሻጭ ማመንታቱ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ፎቶውን በምስል መፈለጊያ ማስገባት ደግሞ ከዚህ በፊት የት እንደወጣ ያሳያል። ብዙ ውሸት እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።

ሦስተኛ፣ ራሱ ከራሱ ጋር ይስማማል? ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው? ጥላው በዚያው አቅጣጫ ወድቋል ወይ? በመስታወቱ ላይ የሚታየው ነጸብራቅ ከክፍሉ ጋር ይሄዳል? በስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓትና ቀን በሦስቱም ፎቶዎች ላይ ምን ይላል? የያዘው እጅ ጣቶቹ ስንት ናቸው? ፎቶው ደብዛዛ ከሆነስ? ደብዛዛነት ሁለት ፊት አለው። በስርቆት የተነሣ ፎቶ ደብዛዛ ቢሆን አይገርምም። ነገር ግን ውሸትን የሚሸፍን ሰውም ከሁሉ በፊት የሚያደርገው ማደብዘዝ ነው። ስለዚህ ደብዛዛነት ለማንም አይመሰክርም።

አራተኛ፣ ሌላ ምስክር አለ? አንድ ስልክ ሜዳ ላይ አይበቅልም። በአሜሪካ ገበያ ከመሸጡ በፊት በፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን መፈቀድ አለበት። በቻይናም ተመሳሳይ ምዝገባ አለ። ከምዝገባዎቹ ብዙዎቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። በሀገራችንም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ የሚያጸድቅበት አሠራር አለው። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ስልክ ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር አለው፤ በስልኩ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብሎ የደወለ ሰው ያየዋል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ስልኮችን መመዝገብ ጀምሮ የነበረው በዚሁ ቁጥር ነው። ዕቃው በእጁ ያለ ሻጭ ይህን ቁጥር አንብቦ ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

አንዳንዴም ባለቤቱ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 የጎግል ኩባንያ ያልወጣ ስልኩ ፒክስል 4 ሥዕል በየቦታው ሲዞር አይቶ፣ ይህን ያህል ከፈለጋችሁ እነሆ በሚል መንፈስ ትክክለኛውን ምስል ራሱ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

አምስተኛ፣ ማን ይጠቀማል? ይህ ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። ወሬ ለማውራት ብቻ ፎቶ የሚለቅ አለ። ተከታይ ለማብዛት የሚለቅ አለ። ኩባንያው ራሱ ገበያውን ለማሞቅ ሊያሾልክ ይችላል። ከፎቶው በታች የገንዘብ መላኪያ ቁጥር ካለ ግን ምስክሩ የገንዘብ ጥቅም ያለው ምስክር ነው። እንዲህ ያለውን ምስክር ዳኛ ያዳምጠዋል እንጂ በእሱ ብቻ አይፈርድም።

በመጨረሻም አንድ ነገር። ለተራው ሰው መልሱ ሁለት ነው፤ እውነት ወይም ውሸት። ለሕግ ሰው ግን ሦስተኛ መልስ አለ፤ አልተረጋገጠም። አንድ ፎቶ እነዚህን ጥያቄዎች ካላለፈ «ውሸት ነው» ብዬ መማል የለብኝም። አይፎን 4 ያኔ ውሸት ተብሎ እውነት ሆኗል። «አልተረጋገጠም» ማለት ግን ሽንፈት አይደለም። ገንዘብህን በኪስህ የሚያቆይ ሙሉ ፍርድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2001 ግዴታ አለ የሚል ሰው መኖሩን ማስረዳት አለበት ይላል። የማስረዳት ሸክም በተናጋሪው ላይ ነው። «ውሸት መሆኑን አስረዳ» ብሎ ሸክሙን ወደ ገዢ የሚገለብጥ ሻጭ መንገዱን ስቷል።

ሕጉ ምን ይዞልናል?

ቀብድ የከፈሉት የእንጅባራ ልጆች ጉዳይ ላይ እንመለስ። ብዙ ሰው የሐሰት ፎቶ ሲባል ወዲያው የሚያስታውሰው በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185ን ነው። ይህ አዋጅ ግን የሚይዘው ሁከት፣ ግጭት ወይም ጥቃት የማስነሣት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነውን ሐሰት ነው። የስልክ ፎቶ ሁከት አያስነሣም። ስለዚህ በር የሚሆነን ሌላ ነው።

የመጀመሪያው በር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ነው፤ የማታለል ወንጀል። ያልተገባ ብልጽግና ለማግኘት አስቦ ሌላውን በሐሰት አስቶ ንብረቱን የሚጎዳ ተግባር እንዲፈጽም ያደረገ ይቀጣል፤ እንደ ነገሩ ክብደት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ሁለተኛው በር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ነው። አሳሳች መረጃ በኮምፒውተር በማሰራጨት ሰውን ማታለልን ራሱን ችሎ ወንጀል አድርጎታል።

በፍትሐ ብሔር በኩልም ገዢው ባዶ እጁን አይደለም። አንቀጽ 1704 በተንኮል የተገኘ ፈቃድ ውሉን ሊያፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለ ቀብድ ደግሞ አንቀጽ 1885 ግልጽ ነው። ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ በሕጉ ቋንቋ እያንዳንዱ ልጅ 30 ሺህ ብር ሊጠይቅ ይችላል።

ከማን? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ሕጉ ሁሉንም በሮች ከፍቷል፤ የሚጠራው ተከሳሽ ግን የለም። ስም የለም፣ አድራሻ የለም፣ የተላከበት ቁጥር ደግሞ በሌላ ሰው መታወቂያ የወጣ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በሕግ ላይ እምነት ያለኝ ሰው ብሆንም አንድ ነገር አልደብቅም። ማስረጃን የመመርመር ትልቁ ጊዜ ከክስ በኋላ ሳይሆን ከክፍያ በፊት ነው። ዳኛው የሚደርስልን ሁላችንም ቀድመን የራሳችን ዳኛ ሆነን ስንገኝ ነው።

የከፈለ ሰው ግን ዝም ማለት የለበትም። ማስታወቂያውን፣ የተለዋወጠውን መልእክት፣ የክፍያውን ማረጋገጫና ቁጥሩን ሳይሰርዝ ይያዝ። ፎቶውን የላከለትን ጓደኛ ስም ይመዝግብ፤ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ የሚመራው በዚያ ነውና። በዚያው ቀን ለፖሊስ ያመልክት፤ ገንዘቡን ላስተላለፈው ተቋምም ያሳውቅ። ብዙ ሰው በማፈሩ ምክንያት ዝም ይላል። ሃያ ሰው አፍሮ ዝም ሲል አታላዩ ሃያ አንደኛውን ይፈልጋል።

አስተላላፊውስ? ውሸት መሆኑን አውቆ ያስተላለፈ ተባባሪ ሊሆን ይችላል። ሳያውቅ ያስተላለፈው በሕግ ባይጠየቅም፣ ወዳጁ የከፈለው ሻጩን አምኖ አይደለም፤ እሱን አምኖ ነው። እንጅባራ ያሉት ሁለት ልጆች ሻጩን አያውቁትም። የሚያውቁት ፎቶውን የላከላቸውን ጓደኛቸውን ነው። እሱም በቅን ልቡ ነው የላከው፤ «አሉ» የምትለዋን ቃል ግን አላከላትም።

የእህቴ ልጅ በዚያው ምሽት ለሻጩ ሁለት ነገር ጻፈለት። በቪዲዮ እየተነጋገርን ስልኩን አብራልኝ፣ የመለያ ቁጥሩንም አንብብልኝ አለው። መጀመሪያ «ጊዜ የለኝም፣ የቀረው ሁለት ብቻ ነው» የሚል መልስ መጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ልጁ አልቸኮለም፤ ደግሞ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ መልእክቱ አልደረሰም፤ ሻጩ ዘግቶታል። እንጅባራ ያሉት ጓደኞቹ ግን እስከ ዛሬ ዕቃውንም ገንዘቡንም አላገኙም። ፖሊስ ዘንድ ሄደው ቃላቸውን ሰጥተዋል።

ለአጎቴ የሆነውን ስነግራቸው አልተገረሙም። «ታዲያ አፉን ክፈት ሲሉት ጥርሱን ነክሶ የሚሸሽ ፈረስ ማን ይገዛል?» አሉኝ። ልጁ ስልክ መግዛቱን አልተወም። ስልኩ በይፋ ወጥቶ፣ ሱቅ ደርሶ፣ በእጁ ይዞ፣ አብርቶ፣ ቁጥሩን አይቶ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ ይገዛዋል። እስከዚያ የዲከረንሱ ብር ባንክ ይቀመጥ።

እናንተም ውድ አንባቢያን፣ ነገ አንድ ፎቶ ሲደርሳችሁና ለሌላ ልትልኩት ጣታችሁን ስታነሡ፣ ከመላካችሁ በፊት ማን አነሣው ብላችሁ አንድ ጊዜ ጠይቁ። መልሱን ካላወቃችሁ ወይ አትላኩት፣ ወይም ከላካችሁት ከሥሩ «አሉ» ብላችሁ ጻፉበት።